ዝም ያሉ ኮንትራቶቼን እንዴት ዘጋኋቸው

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ኮንትራቶቼን ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። 11 ክፍት ኮንትራት ነበረኝ። ስራ ያለባቸው 2 ብቻ ናቸው። የቀሩት 9ኙ ዝም ብለዋል። አንዳንዱ ላይ ለሦስት ወር፣ አንዳንዱ ላይ ከዓመት በላይ አንዲት መልእክት አልመጣችም።

የምሰራው አፕወርክ ላይ ነው፤ ደንበኛንና ባለሙያን በኢንተርኔት የሚያገናኝ፣ ክፍያውም በእሱ በኩል የሚያልፍ የስራ መድረክ ነው። ትርጉም እሰራለሁ፤ ለቪዲዮም የግርጌ ጽሑፍ አዘጋጃለሁ። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በእንግሊዝኛ። ጅማ አጂፕ ሰፈር፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ። አሁን በከተማችን ይህን ስራ የጀመሩ ልጆች እያየሁ ነው። ስራ ስለማግኘት ብዙ ይወራል። ፕሮፖዛል እንዴት ይጻፋል፣ ፕሮፋይል እንዴት ያምራል፣ ዋጋ ስንት ይጠየቃል። ስራው ካለቀ ወይም ደንበኛው ድምፁን ካጠፋ በኋላ ኮንትራቱ ምን እንደሚደረግ ግን ማንም አልነገረኝም። ከፍዬ ነው የተማርኩት። እናንተ እንዳትከፍሉ ነው የምጽፈው።

ለምን ነበር የማልዘጋቸው? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይሉኝታ ነው። ሰውየው አምኖ ስራ ሰጥቶኛል፣ በወጉ ከፍሎኛል። እኔ ተነስቼ ኮንትራቱን ብዘጋ «ከአንተ ጋር ጨርሻለሁ» ያልኩት ይመስለኝ ነበር። ሰው ቤት ቡና ተጠርቶ፣ አቦሉን ጠጥቶ፣ ቶናው ሳይቀዳ ተነስቶ እንደመሄድ። በዚያ ላይ ተስፋም አለ። ክፍት ከሆነ አንድ ቀን ስራ ይልክ ይሆናል እላለሁ። ከዘጋሁት ግን የሚረሳኝ ይመስለኛል።

ይህን አስተሳሰቤን የቀየረው ኢንተርኔት ጭራሽ የማይጠቀም ሰው ነው። አባዬ ነው።

አባዬ ለብዙ ዓመት ሄርማታ መርካቶ አካባቢ ቡና ይሰበስብ ነበር። ከገበሬው እሸትም ጀንፈልም (ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና) ይገዛል፣ ለአቅራቢ ያስረክባል። ሂሳቡ ሁሉ በደብተር ነው። ለማን ስንት ቀብድ ሰጠ፣ ማን ስንት ኪሎ አመጣ፣ ማን ምን ቀረበት። ልጅ ሆኜ አስታውሳለሁ፣ የቡናው ወቅት አልፎ ክረምቱ ሊገባ ሲል ያንን ደብተር ይዞ ይቀመጣል። እያንዳንዱን ስም እያነበበ፣ ያለቀውን በአንድ መስመር ይሰርዛል።

አንድ እሁድ ቡና እየጠጣን ጠየቅኩት።

«አባዬ፣ ደንበኛህ ዓመት ሙሉ ዝም ካለ ምን ታደርግ ነበር?»

«ሂሳብ አለበት?»

«የለበትም። ከፍሎ ጨርሷል።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምትጠብቂው? ትሰርዢዋለሽ።»

«ቅር አይለውም?»

«ልጄ፣ የምትሰርዢው ሂሳቡን እንጂ ሰውየውን አይደለም። ለከርሞ ህዳር ጀንፈል ጭኖ ከመጣ አዲስ ገጽ ትከፍቺለታለሽ። ሂሳብ ያለበትን ግን ሳታወራርጂ እንዳትሰርዢ።»

የመጨረሻዋ ቃል ልቤን ነካችው። ምክንያቱም እኔ ከዚያ በፊት ሳላወራርድ ሰርዤ አውቅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ውጭ አገር ያለ ደንበኛ የአጭር ዘጋቢ ፊልም የግርጌ ጽሑፍ ሰጠኝ። ዋጋው በቁርጥ 120 ዶላር። ገንዘቡን አስቀድሞ ኢስክሮ ውስጥ አስገብቷል፤ ማለትም መድረኩ ጋ በአደራ ተቀምጧል። በአራት ቀን ጨርሼ ፋይሉን በመልእክት መላኪያው ላክሁለት። «አመሰግናለሁ፣ አየዋለሁ» አለኝ። ከዚያ ጠፋ። ሳምንት ጠበቅኩ። ጻፍኩለት፣ መልስ የለም። እንደገና ጻፍኩ፣ አሁንም የለም። ሁለት ወር ገደማ ሆነ። አንድ ማታ ተናድጄ ኮንትራቱን ከፍቼ «ዝጋ» የሚለውን ተጫንኩ። ዝናብ እየዘነበ ነበር፣ መብራቱም ብልጭ ድርግም ይላል። ከመጥፋቱ በፊት ልጨርስ ብዬ ስቸኩል፣ የመጣልኝን ማስጠንቀቂያ ሳላነበው «እሺ» አልኩ። ማስጠንቀቂያው ኢስክሮ ውስጥ ገንዘብ እንዳለና እኔ ከዘጋሁት ወደ ደንበኛው እንደሚመለስ ይናገር ነበር። ተመለሰ። 120 ዶላሬ ሄደ። ለሰውየው ጻፍኩለት፣ እስከዛሬ አልመለሰም።

ስህተቴ ሁለት ነበር። ሁለተኛው በገንዘብ ላይ መዝጋቴ ነው። የመጀመሪያው ግን ይበልጣል፤ ብዙ ጀማሪ ላይ የማየውም እሱን ነው። ፋይሉን በመልእክት መላክና ስራውን ማስረከብ አንድ አይደሉም። በቁርጥ ዋጋ ኮንትራት ውስጥ ለክፍያ ስራ ማስረከቢያ ቁልፍ አለ። ፋይሉን በእሱ በኩል አያይዛችሁ ስትልኩ ነው ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው። ደንበኛው 14 ቀን አለው። በእነዚያ ቀናት ውስጥ ሊያጸድቅ ይችላል፤ ማስተካከያም ሊጠይቅ ይችላል። ምንም ካላለ በ14 ቀኑ ገንዘቡ ራሱ ይለቀቅላችኋል። ከዚያ 5 ቀን መጠበቂያ አለው፣ ከዚያ ታወጡታላችሁ። ማስተካከያ ከጠየቀ አስተካክላችሁ በዚያው ቁልፍ እንደገና ታስረክባላችሁ፤ 14 ቀኑም እንደ አዲስ ይጀምራል።

እኔ በመልእክት ብቻ ስለላክሁ ያ ቀን ጭራሽ መቆጠር አልጀመረም። ሰውየው ቢጠፋም ቁልፏን ተጭኜ ቢሆን ኖሮ ገንዘቡ በሦስተኛው ሳምንት እጄ ይገባ ነበር። ስለዚህ በመልእክትም ላኩ፣ ችግር የለውም፤ ቁልፏን ግን ተጫኑ። ደንበኛው ደግና ፈጣን ቢሆን እንኳ ተጫኑ።

አንድ ነገር ልጨምር። ደንበኛው ኢስክሮ ያለውን ገንዘብ መልሱልኝ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ለዚያ ጥያቄ መልስ ለመስጠት 7 ቀን ነው ያላችሁ። ዝም ካላችሁ ለእሱ ይመለሳል። ክረምት ላይ መብራትና ኔትወርክ ሲያስቸግር ኮምፒውተር ሳልከፍት የምውልበት ቀን አለ። ስለዚህ የመድረኩን መተግበሪያ ስልኬ ላይ ጭኜ ማሳወቂያውን ክፍት አድርጌዋለሁ። ኢሜይሌንም በየቀኑ አያለሁ።

እንግዲህ አባዬ ያለኝን ይዤ በዚያው ሳምንት ደብተር ገዛሁ። እውነተኛ ደብተር፣ የወረቀት። 9ኙን ኮንትራቶች አንድ በአንድ ጻፍኩ። ለእያንዳንዱ መጀመሪያ የጠየቅኩት ጥያቄ አንድ ነው፦ ሂሳብ አለበት ወይስ የለበትም?

አንዱ ላይ ነበረበት። 45 ዶላር ኢስክሮ ውስጥ ተኝቷል፤ ስራውንም እንደ ልማዴ በመልእክት ልኬው ኖሯል። ሳየው ደነገጥኩ። ወዲያው ፋይሉን በማስረከቢያው ቁልፍ ላክሁ። አንድ አጭር ማስታወሻም ጨመርኩ፦ «ይህን ስራ ቀደም ሲል በመልእክት ልኬልዎት ነበር፤ አሁን በደንቡ ማስረከቤ ነው፤ የሚስተካከል ነገር ካለ በደስታ እሰራለሁ።» ደንበኛው ምንም አላለም። በ14ኛው ቀን ተለቀቀልኝ። ኮንትራቱን የዘጋሁት ከዚያ በኋላ ነው።

አንዱ ደግሞ ጭራሽ ስራ ያልተጀመረበት ነበር። ደንበኛዋ ቀጠረችኝ፣ ፋይል እልካለሁ አለች፣ አምስት ወር ሆነ። ጠየቅኳት፣ መልስ ሲጠፋ ዘጋሁት። ይህን ያህል ነው።

አምስቱ ስራቸው ያለቀ፣ ክፍያቸውም የተጠናቀቀ ነበሩ። ይሉኝታዬ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ምን ብዬ ልጻፍ እያልኩ ሁለት ማታ ፈጀሁ። በመጨረሻ የላክሁት በእንግሊዝኛ ሆኖ ሐሳቡ እንዲህ ነበር፦

«ሰላም፣ እንደምን ሰነበቱ። በዚህ ኮንትራት የነበረን ስራ ተጠናቅቋል፤ አብሬዎት በመስራቴ ደስ ብሎኛል። በቅርቡ የሚልኩልኝ ስራ ካለ ክፍት ላቆየው። ከሌለ ግን በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ እዘጋዋለሁ። ወደፊት ስራ ሲኖርዎት በዚሁ መልእክት ቢጽፉልኝ አዲስ ኮንትራት እንከፍታለን።»

ለምን እንደዚህ እንደጻፍኩት ልንገራችሁ። አንደኛ፣ «አለህ ወይ?» ብቻ ብዬ አልጻፍኩም። ስራ የበዛበት ሰው ለእንዲህ ያለ መልእክት በኋላ እመልሳለሁ ብሎ ይረሳዋል። ሁለተኛ፣ ቁርጥ ያለ ቀን አስቀመጥኩ። ዝም ቢል ምን እንደማደርግ ያውቃል፤ እኔም በየቀኑ ልጻፍ ልተው እያልኩ አልጨነቅም። ሦስተኛ፣ ወቀሳ የለበትም። «ጠፋህብኝ» የምትል ቃል ለዘመድ እንጂ ለደንበኛ አትሆንም።

ሁለቱ በማግስቱ መለሱ። አንደኛዋ «ኮንትራቱ ከተዘጋ ቆይቷል ብዬ ነበር የማስበው» አለችኝ። ይህን ሳነብ የተሰማኝን ልገልጸው አልችልም። እኔ እንዳትቀየመኝ ብዬ 14 ወር ስሳቀቅ፣ እሷ መኖሩንም አታውቅም ነበር። እዚያው ራሷ ዘጋችውና ጥሩ አስተያየት ጻፈችልኝ። ሁለተኛው መስከረም ላይ ስራ ስላለው ይቆይልኝ አለ። ተውኩለት። ከገመተው ያነሰ ቢሆንም መስከረም ላይ ስራ ላከ።

ሦስቱ ዝም አሉ። ዓርብ ደረሰ፣ ዘጋኋቸው። ከሦስቱ አንዱ ከአስር ቀን በኋላ አስተያየት ጻፈ። ሁለቱ ምንም አላሉም። ምንም አልሆነም።

ስለ አስተያየት ካነሳሁ አይቀር፣ ብዙ ሰው የሚፈራው ይህን ነው። «እኔ ከዘጋሁት መጥፎ ነገር ይጽፍብኛል» የሚል ፍርሃት አለ። አሰራሩን ማወቅ ይረዳል። ኮንትራት ሲዘጋ፣ የዘጋው ማንም ይሁን፣ ሁለታችሁም በ14 ቀን ውስጥ አስተያየት መስጠት ትችላላችሁ። ሁለታችሁም እስክትጽፉ ወይም 14 ቀኑ እስኪያልቅ አንዳችሁ የሌላውን አታዩም። ስለዚህ አንተ ይህን ስላልክ እኔም ይህን እላለሁ የሚባል ነገር የለም። ሌላም አለ። ደንበኛው ለመድረኩ ብቻ በግል የሚሰጠው፣ እኛ የማናየው አስተያየት ነው። ይህን ባለሙያ ለሌላ ሰው ምን ያህል ትመክራለህ ተብሎ ከ0 እስከ 10 ይሞላል። ይህም ፕሮፋይላችን ላይ በመቶኛ ለሚታየው የስራ ስኬት ነጥባችን ይታሰባል። እንግዲህ ሰው ሳይነገረው በድንገት ሲዘጋበት ደስ አይለውም። አስቀድሞ በትህትና የተነገረው ሰው ግን የሚያዝንበት ምክንያት የለውም። ያቺ መልእክት የምትጠቅመው ለዚህ ነው። አምስት ኮከብ ስጠኝ ብላችሁ ግን አትጻፉ፤ በደንቡም አይፈቀድም፤ ለራሳችሁም ክብር አይሆንም።

ከሁሉም የሚሻለው ግን ይህን ያህል አለመቆየት ነው። ስራው ባለቀ ሳምንት ሰውየው ውለታችሁን ያስታውሳል፣ የሚጽፈውም ሞቅ ያለ ነው። ከዓመት በኋላ የተጠየቀ ሰው የትኛውን ስራ እንደሰራችሁለት ለማስታወስ ይቸገራል። እኔ አሁን የመጨረሻው ክፍያ እንደገባ እጠይቃለሁ፦ «ሌላ ስራ አለ ወይስ እንዝጋው?»

የቀሩት ሁለቱስ? እነሱን አልዘጋኋቸውም። ዝም ያለ ሁሉ የሞተ አይደለም፤ የተኛም አለ። አንዱ በየሦስት ወሩ ሪፖርት የሚያስተረጉም ድርጅት ነው። በመሃል አንድም ቃል የለም። ሌላዋ ተመራማሪ ናት፤ መስክ ወጥታ ስትመለስ ቃለ መጠይቆቿን ትልካለች። ቡና አንዴ በዓመት ስለሚለቀም ገበሬው ጠፋ አይባልም። እነዚህም እንደዚያ ናቸው። የስራቸውን ወቅት ካወቅኩት ክፍት ይቆያል። የማላውቀው ከሆነ እጠይቃለሁ።

ወቅት ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ብዙ የውጭ ደንበኞች ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ፣ በእነሱ የገና ሰሞን፣ እስከ አዲስ ዓመታቸው ድረስ ይጠፋሉ። በኦገስት ማለትም በእኛ ነሐሴ አካባቢ ደግሞ የአውሮፓ ሰዎች እረፍት ይወጣሉ። በእነዚህ ሳምንታት ዝም ያለን ደንበኛ ጠፋ ብላችሁ አትዝጉበት። እኔም ለኢድና ለመስቀል ስራ ስለማልገባ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ።

የተኛ ኮንትራት ሲነቃ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በተለይ ክፍያው በሰዓት ከሆነ። ተመራማሪዋ ከሰባት ወር በኋላ ድንገት «ዛሬውኑ ጀምሪልኝ» ብላ ጻፈችልኝ። ደስ ብሎኝ ልጀምር ስል ኮንትራቱን አየሁት፤ ለጊዜው ቆሟል ይላል። የክፍያ ካርዷም መታደስ ነበረበት። ነገርኳት፣ ይቅርታ ጠይቃ በዚያው ቀን አስተካከለችው። ሳላይ ጀምሬ ቢሆን ኖሮ የሰራሁበትን ሰዓት ማስመዝገብ አልችልም ነበር። ስለዚህ ከረጅም ዝምታ በኋላ ስትመለሱ ሦስት ነገር እዩ። ኮንትራቱ እየሰራ ነው? የክፍያ መንገዱ ደህና ነው? የሳምንቱ የሰዓት ጣሪያ ስንት ነው? ከዚያ የሰዓት መቁጠሪያውን ከፍታችሁ ስሩ። በእጅ የተሞላ ሰዓት በመቁጠሪያው የተመዘገበውን ያህል ዋስትና የለውም። ሳምንቱ የሚዘጋው በዓለም አቀፍ ሰዓት እሁድ እኩለ ሌሊት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት መሆኑ ነው። እሁድ ማታ የምትሰሩ ካላችሁ ይህን አስታውሱ።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ኮንትራቱ ሲዘጋ አንዳንድ ደንበኛ «ከእንግዲህ በቴሌግራም እንገናኝ፣ በቀጥታ እልክልሻለሁ» ይላል። አጓጊ ነው፣ መድረኩ ከክፍያችን የሚቆርጠው ይቀራል። ነገር ግን ኮንትራቱ ቢዘጋም ደንቡ አይዘጋም። አፕወርክ ላይ ካገኛችሁት ደንበኛ ጋር ከተዋወቃችሁበት ጀምሮ ለ24 ወር ክፍያው በዚያው በኩል እንዲሆን ተስማምታችሁ ነው የገባችሁት። ደንበኛው ለዚያ የተቀመጠውን ክፍያ ከፍሎ ካልወጣ በቀር ማለት ነው። ለአንድ ስራ ብላችሁ የስንት ዓመት አካውንታችሁን አታሳጡ። እኔ እንዲህ ያለኝን ደንበኛ አመስግኜ፣ አዲስ ኮንትራት እንዲከፍትልኝ ጠየቅኩት። ከፈተልኝ። የመልእክት መስመሩ እኮ ኮንትራት ሲዘጋ አብሮ አይጠፋም።

አሁን በየወሩ መጨረሻ ያንን ደብተር አወጣለሁ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ከመዝጋቴ በፊት ያስረከብኩትን ስራና የተስማማንበትን መልእክት ወደ ኮምፒውተሬ አወርዳለሁ። ኢስክሮውን አያለሁ። ከዚያ መስመር አሰምርበታለሁ። ስናደድና መብራት ሊጠፋ ሲል አልዘጋም፤ ለጠዋት አሳድረዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት የጎረቤታችን ልጅ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ከተመረቀች ገና ዓመቷ ነው፣ ዲዛይን ትሰራለች። «እትዬ፣ እስቲ እይልኝ» አለችኝ። ስድስት ክፍት ኮንትራት አላት። አንዱን ከፈትን። 30 ዶላር ኢስክሮ ውስጥ ተቀምጧል። ስራውን ከአንድ ወር በፊት ጨርሳ ልካለች፤ በመልእክት። ሰውየው ጠፍቷል። እሷም ተስፋ ቆርጣ ልትዘጋው ነበር የመጣችው።

እጇን ከመዳፊቱ ላይ አስነሳኋት። ፋይሉን ፈልገን በማስረከቢያው ቁልፍ ላክነው። ቀኑን ደብተሬ ላይ በእሷ ስም ጻፍኩ። 14ኛው ቀን የሚውለው በሚቀጥለው ሐሙስ ነው። ቡና አፍልቼ እጠብቃታለሁ ብያታለሁ።